የየምርጫ ጣቢያው ቍጥር በመዝገብ ስለ መጠበቁ

ሕዝብ ድምፁን በሰጠ ቀን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው በዚያው ሰሞን የሚፈጸም ነው፤ ይኸውም እንደራሴውን መርጦ ወደ ምክር ቤት መላክ ነው። ሁለተኛው ግን ለነገ የሚቀመጥ ነው፤ ይኸውም በየቀበሌውና በየመንደሩ ምን እንደ ወደደ፥ ምን እንደ ጠላ፥ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ በቤቱ እንደ ቀረ፥ ለሚያስተዳድሩት ሹማምንትና ለሚመጣው ትውልድ በቍጥር መናገር ነው። ለፊተኛው ሥራ ጠባቂ ሞልቶለታል፤ አስፈጻሚው፥ ታዛቢው፥ የተወዳዳሪው ወኪል ሁሉ ዐይኑን ሳይነቅል ያየዋል። ሁለተኛው ግን የአሸናፊው ስም በተነገረ ማግስት ይረሳል። ዛሬ ስለዚህ ስለ ተረሳው ሥራ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

አንድ ሰው ያለፈውን ምርጫ መርምሮ አሳቡን በጽሑፍ ሊያቀርብ ቢነሣ፥ ማን እንዳሸነፈና ስንት ወንበር እንደ ያዘ ለማወቅ አይቸገርም። ከዚያ ወርዶ ግን በአንዱ ወረዳ ውስጥ ከተማውና ገጠሩ እንዴት እንደ ተለያዩ፥ ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ ከወንዙ ወዲህ ካለው በምን እንደ ራቀ፥ ዋጋ የሌለው ድምፅ በየትኛው ጣቢያ እንደ በዛ የጠየቀ እንደ ሆነ መንገዱ ይዘጋበታል። ቍጥሩ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ በቈጠራው ሌሊት ተጽፏል፥ ተፈርሞበታል፥ በጣቢያው በር ላይም ተለጥፏል። ነገር ግን በበር የተለጠፈውን ዝናብ ያጥበዋል፤ በሣጥን የታሸገውን ምስጥ ይበላዋል፤ በፎቶግራፍ የተነሣውም ለዐይን ይታይ እንጂ ለመደመርና ለማነጻጸር አይመችም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይህ ግን ተጽፎም ወራሽ ያጣ ነው።

አንዳንድ ሰው «ድምሩ ከታወቀ ዝርዝሩ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ከኦሪት ዘኍልቍ የሚሻል ምስክር አናገኝም። የእስራኤል ልጆች በሲና ምድረ በዳ በተቈጠሩ ጊዜ ድምራቸው 603,550 ነበረ። ከዓመታት በኋላ በሞዓብ ሜዳ ዳግመኛ ሲቈጠሩ ድምራቸው 601,730 ሆነ። ድምሩን ብቻ ያነበበ ሰው ልዩነቱ 1,820 ነውና ሕዝቡ እንደ ነበረ ኖረ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ጸሐፊው ግን በየነገዱ ለይቶ ስለ ጻፈው እውነቱ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። የስምዖን ነገድ ከ59,300 ወደ 22,200 ወርዷል፤ የምናሴ ነገድ ደግሞ ከ32,200 ወደ 52,700 ወጥቷል። አንዱ ቤት ከግማሽ በላይ ሲጐድል ሌላው ቤት ሲበዛ ድምሩ ሁለቱንም ሸፍኖ ዝም ብሏል። ድምር እንዲህ ነው፤ የአንዱን ልቅሶ በሌላው ዘፈን ያጣፋል። የነገዱ ዝርዝር ባይጻፍ ኖሮ የስምዖንን ጕዳት ማን ያውቀው ነበር?

በምርጫም ነገሩ ይኸው ነው። ከሩቅ አገር ምሳሌ ለመስጠት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሆኖ በፍሎሪዳ ግዛት ሁለቱን ታላላቅ ተወዳዳሪዎች የለያቸው 537 ድምፅ ብቻ ነበረ። በዚያ ግዛት ፓት ቡካናን የሚባል ሌላ ተወዳዳሪ በጠቅላላው 17,484 ድምፅ አግኝቷል። ይህ ቍጥር እንዲሁ ሲያዩት የሚያስደንቅ አይደለም። በ67ቱ አውራጃዎች ተዘርዝሮ ሲታይ ግን ፓልም ቢች በምትባል በአንዲት አውራጃ ብቻ 3,407 ሆኖ ተገኘ፤ ያቺ አውራጃ ደግሞ አሳቡን የሚደግፍ እምብዛም የማይገኝባት ነበረች። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ በዚያች አውራጃ የታተመው የድምፅ መስጫ ወረቀት ስሞቹን በግራና በቀኝ አድርጎ የሚበሳውን ቦታ በመካከል ስለ ደረደረው ብዙ መራጮች እንደ ተሳሳቱ ገለጡ። እንግዲህ ይህን ስሕተት ያወጣው የአውራጃው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ባይገኝ ኖሮ ወረቀቱን ያዘጋጀው ጸሐፊም ሳይታረም፥ መራጩም ሳይማር ይቀር ነበር።

የዚህ ዕውቀት ጥቅም ስሕተትን በማውጣት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። አንድሬ ሲግፍሪድ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ የምዕራብ ፈረንሳይን ምርጫ መርምሮ በ1913 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ ከ1871 ወዲህ የተደረጉትን ምርጫዎች በየንኡስ ወረዳው እየለየ በካርታ ላይ አሰፈራቸው፤ ከዚያም የመሬቱን ዓይነት፥ የርስቱን አያያዝ፥ የቤቶቹን መቀራረብና መራራቅ፥ የካህናቱንም ተሰሚነት ከድምፁ ጋር አስተያየ። ከዚህ ሥራው የተነሣ ግራናይቱ ለቀኝ፥ የኖራ ድንጋዩ ለግራ ይመርጣል የሚል ጨዋታ በፈረንሳይ አገር ተለመደ። እርሱ ግን ድንጋይ ይመርጣል አላለም፤ ድንጋዩ አሰፋፈርን፥ አሰፋፈሩ ኑሮን፥ ኑሮውም አሳብን እንዴት እንደሚስብ በየደረጃው አሳየ እንጂ። የምርጫን ነገር ከምድር ጋር አዋሕዶ የሚመረምረው የትምህርት ክፍል ከዚያ ወዲህ ጸና። መሠረቱ ግን በየስፍራው ተለይቶ የተጻፈው ቍጥር ነበረ፤ እርሱ ባይጠበቅ ሊቁ ምን ይዞ ይመረምር ነበር?

እንዲህ ስንል የሠለጠኑት አገሮች ሁሉ ሥራውን አሳምረው ጨርሰውታል ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ምርጫውን የሚያስፈጽሙት ከሦስት ሺህ የሚበልጡ አውራጃዎችና የየከተማው ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። የየጣቢያውን ውጤት አንዱ በሰንጠረዥ፥ ሁለተኛው በወረቀት ሥዕል፥ ሦስተኛው ደግሞ ሲጠየቅ ብቻ ይሰጣል፤ የጣቢያውም ወሰን ከአንዱ ምርጫ እስከ ሌላው ይለዋወጣል። ስለዚህ ኦፕን ኤሌክሽንስ የሚባል የፈቃደኞች ማኅበር ወረቀቱን እየለቀመ በእጅ እስከ መገልበጥ ደርሷል፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ከ2016 ምርጫ ጀምሮ የየጣቢያውን ውጤት የሚሰበስብ ክፍል አቋቁሟል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ለፓርላማ የተሰጠው ድምፅ ከመቈጠሩ በፊት የአንዱ ሣጥን ወረቀት ከሌላው ሣጥን ጋር ስለሚቀላቀል በየሰፈሩ ማን እንደ ተመረጠ አይታወቅም። የከተማና የወረዳ ምክር ቤቶችን ምርጫ ውጤት በአንድ መዝገብ የሚሰበስብ የመንግሥት ክፍል ለብዙ ዘመን ስላልነበረ፥ ኮሊን ራሊንግስና ማይክል ትራሸር የሚባሉ ሁለት መምህራን በፕሊመዝ ከ1985 ጀምረው በየዓመቱ ከየጽሕፈት ቤቱ እየጠየቁ ሲጽፉት ኖረዋል። የአንድ ታላቅ መንግሥት የምርጫ ታሪክ በሁለት መምህራን ትጋት መጠበቁ ለእነርሱ ምስጋና ነው፤ ለመንግሥቱ ግን ምስጋና አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሕዝቡ እንደራሴውን በድምፅ መምረጥ የጀመረው በ1948 ዓ.ም. ከወጣው ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ ነው። ከ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በየአራት ዓመቱ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ተደርጓል። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ተመርጧል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1992፥ በ1997፥ በ2002፥ በ2007 እና በ2013 ዓ.ም. ተመርጧል። የአካባቢ ምክር ቤቶችም ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. በመላው አገር ተደርጎ፥ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው ተላልፏል። ይህ ሁሉ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ቃል ነው። ሰው ከእርሻው ተነሥቶ፥ ሴቲቱ ልጅዋን አዝላ፥ ሽማግሌው በምርኵዙ ተደግፎ፥ በፀሓይ ተሰልፎ የሰጠው ቃል ነው። ከዚህ ቃል ውስጥ በየቀበሌው ተለይቶ፥ ሊነበብና ሊመረመር በሚችል መልክ፥ ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ሆኖ የሚገኘው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ የማንኛውም አገር ወዳድ ግዴታ ነው።

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለጸሐፊዎችና ለተማሪዎች ምቾት ብቻ አይደለም። ነገሩ የአገርን ሰላም የሚነካ ስለ ሆነ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች በሙሉ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። የወንበሩን ድምር ብቻ ያነበበ ሹም በአገሩ ቅር ያለው ሰው የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ድምሩ የነገረው ይህንን ነውና። ነገር ግን ስድስት ወር ያህል ቈይቶ በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ እስከ መታወጅ ተደረሰ። አብላጫ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ጠቅልሎ በሚወስድበት ሥርዓት የተሸነፈው ድምፅ በወንበር ቍጥር አይታይም፤ የሚታየው በየጣቢያው ዝርዝር ብቻ ነው። ዝርዝሩ ብቻውን ሁከቱን ይከለክል ነበር አንልም። ሆኖም ሐኪም የበሽተኛውን ሙቀት በየሰዓቱ ጽፎ የሚይዘው በሽታው ሳይብስ ለመድረስ እንደ ሆነ ሁሉ፥ አስተዳዳሪም የሕዝቡን ልብ የሚለካበትን መዝገብ ከእጁ ሊያጣ አይገባውም።

እንዲሁም በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን ከተደረገው ምርጫ በኋላ በውጤቱ ላይ ብዙ አቤቱታ ቀርቦ፥ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ መደረጉን፥ በተነሣውም ጠብ የሰው ሕይወት መጥፋቱን የማያስታውስ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ወገኖች ቆመው አንዱ «አሸንፌአለሁ»፥ ሌላው «ተቀምቻለሁ» ሲል፥ የሚዳኛቸው ጩኸት ሳይሆን የየጣቢያው ወረቀት ሊሆን ይገባ ነበር። ወረቀቱ በሁሉ ፊት ካልተዘረጋ ግን ወሬ በስፍራው ይቀመጣል። ወሬ ደግሞ ፊርማ የለውም፥ ታዛቢም የለውም።

አሁን ደግሞ ችግሩ በየት በየት እንዳለ እንመልከት። የመጀመሪያው ችግር የስፍራ ስም ነው። ሊቃውንቱ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት በፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰ፥ ሠ፤ አ፥ ዐ፤ ጸ፥ ፀ አሉ። አንዱ ጸሐፊ ደብረ ብርሃን ብሎ በሃሌታው ሀ ይጽፋል፤ ሁለተኛው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል። ለሰው ዐይን ሁለቱ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ከተሞች ናቸው። በቅዱሳን ስም የተጠሩ፥ ወይም በቍጥር ብቻ 01፥ 02 እየተባሉ የተሰየሙ ቀበሌዎች በየወረዳው ስላሉ አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። አንዱ ስም በአማርኛ፥ በኦሮምኛ፥ በሶማልኛ፥ በላቲን ፊደል እየተለዋወጠ ሲጻፍ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ የማይለወጥ የራሱ መለያ ቍጥር ይሰጠው፤ ጣቢያው ቢዘጋ ቍጥሩ ከእርሱ ጋር ይረፍ እንጂ ለሌላ አይሰጥ። ስሙ በሺህ መንገድ ቢጻፍ ቍጥሩ አንድ ስለ ሆነ ጠያቂው አይጠፋበትም።

ሁለተኛው ችግር ወሰን ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል፤ የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ዓ.ም.፥ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎችም በ2015 ዓ.ም. ተመሥርተዋል። በየክልሉም ወረዳው ለሁለትና ለሦስት ሲከፈል፥ ቀበሌው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሯል። እንግዲህ የ1997ን ድምፅ ከ2013 ጋር ሊያስተያይ የሚሻ ሰው፥ በአንድ ስም የሚጠራው ስፍራ በሁለቱ ዘመን አንድ ምድር መሆኑን በምን ያውቃል? ማሳው ሳይለካ ምርቱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት አይቻልም። ስለዚህ በየምርጫው ዘመን የነበረው ወሰን በካርታ ተሥሎ ከውጤቱ ጋር መቀመጥ አለበት። በዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዘዘው የሕዝብ ቈጠራ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሳይደረግ በመቅረቱ፥ በአንድ ወረዳ ለመምረጥ ከሚገባቸው ስንቱ እንደ ተመዘገቡ እንኳ ለመመዘን ሚዛኑ አርጅቷል።

ሦስተኛው ችግር የዘመን አቈጣጠር ነው። የእኛ 1997 ለውጭ ሰው 2005 ነው፤ የእኛ 2005 ደግሞ ለእርሱ 2013 ነው፤ የእኛ 2013 ለእርሱ 2021 ነው። ስለዚህ «የ2005 ምርጫ» ወይም «የ2013 ምርጫ» ሲባል አንዱ አንዱን፥ ሌላው ሌላውን ይረዳል። ሁለቱ ዘመናት ጐን ለጐን ካልተጻፉ የአካባቢውን ምርጫ ከጠቅላላው ምርጫ የሚያምታታ መጽሐፍ መታተሙ አይቀርም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ስንናገር እንደ አውሮፓ፥ ስለ አገራችን ስንናገር እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ልብ ይበል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ብርቱ ምክንያት ያቀርባሉ፤ ሁለቱንም አቅልለን አናልፋቸውም። የፊተኛው የድምፅ ምስጢርነት ነው። በአንዲት ትንሽ ጣቢያ የመረጡት ሁሉ ለአንድ ወገን ድምፅ ከሰጡ፥ ቍጥሩ በታተመ ጊዜ የሁሉም ምስጢር ወጣ ማለት ነው። በሕንድ አገር ይህ ነገር ብዙ አከራክሯል። በዚያ የየጣቢያው ውጤት ተለይቶ ስለሚታወቅ፥ የምርጫ ኮሚሽኑ በ2008 የብዙ ጣቢያዎችን ድምፅ አዋሕዶ የሚቈጥር መሣሪያ እንዲገባ አሳስቧል፤ የሕግ ኮሚሽኑም በ2015 ደግፎታል። ፍርሃታቸው የተመረጠው ሰው ያልመረጠውን መንደር ውሃና መንገድ እንዳይነፍገው ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ለዚህ ፍርሃት መልሱ መዝገቡን ማጥፋት አይደለም። የመራጩ ቍጥር ከተወሰነ መጠን ያነሰበትን ጣቢያ ከጐረቤቱ ጋር አዳብሎ ማተም ይቻላል። የሚበዙት ጣቢያዎች ግን በርከት ያሉ ሰዎችን ስለሚይዙ፥ የየጣቢያው ቍጥር የአንዱን ሰው ምርጫ ለይቶ አያሳብቅም። ደግሞም በበሩ ላይ ተለጥፎ ጐረቤት ሁሉ ያነበበውን ከሊቃውንት ብቻ መሸሸግ ምስጢር መጠበቅ ሊባል አይችልም። የአገሩ ሹም ወረቀቱን ከበሩ ላይ አንብቦታልና ሊበቀል ቢሻ የጋዜጣችንን ፈቃድ አይጠብቅም፤ ዝርዝሩ በአደባባይ ሲኖር ግን የተበቀለውን ሹም ከመንገዱና ከጕድጓዱ ቍጥር ጋር አስተያይቶ መክሰስ ይቻላል።

የሁለተኛው ተቃውሞ ዝርዝሩ ጠብ ያነሣሣል የሚል ነው። በዚህ ነገር ጐረቤታችን ኬንያ ታስተምረናለች። በ2017 የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መስከረም 1 ቀን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሽሮታል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የውጤቱ አስተላለፍና የቅጾቹ ጕድለት ነበረ። በ2022 ግን የምርጫ ኮሚሽኑ ከ46,000 የሚበልጡ ጣቢያዎችን የተፈረመ ቅጽ ማንም እንዲያየው ገልጦ አኖረው፤ ጋዜጠኛውም፥ ተወዳዳሪውም፥ ተማሪውም ራሱ ደመረው። ክርክር አልቀረም፤ ከኮሚሽኑ አባሎች እንኳ የሚበዙት ውጤቱን አንቀበልም አሉ። ሆኖም ክርክሩ ሲደርስ ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው፥ ሕዝቡም የሚያነበው ወረቀት ስለ ነበረ ነገሩ በፍርድ አለቀ። በማላዊም በ2019 የተደረገው ምርጫ በ2020 በፍርድ የተሻረው፥ በውጤት መመዝገቢያ ወረቀቶች ላይ ቍጥሩ በነጭ ቀለም እየተሸፈነ እንደ ተለወጠ በችሎት ስለ ታየ ነው። ወረቀቱ ባይገኝ ክርክሩ ወዴት ያመራ ነበር? ጠብን የሚያነሣሣው የተደበቀ ቍጥር ነው፤ የተገለጠ ቍጥር ግን ጠብን ከመንገድ ወደ ችሎት ይወስደዋል።

ከዚህ ጋር ለሚመረምሩት ሰዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ መናገር ይገባናል። ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በየግዛቱ ድምር የታየው በየሰው ላይ እውነት እንዳይደለ በግልጥ አሳይቷል። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች በበዙባቸው ግዛቶች ማንበብ የሚያውቀው ሕዝብ ይበዛ ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ የመጡት ሰዎች ራሳቸው ከአገሬው ይልቅ ማንበብ የማያውቁ ነበሩ። ምክንያቱ መጤዎቹ ትምህርት በተስፋፋበት ግዛት መስፈራቸው ነው። በአገራችንም «ይህ ቀበሌ እንዲህ መረጠ፥ በዚህ ቀበሌ የሚበዛው እገሌ የሚባል ጐሣ ነው፥ ስለዚህ ጐሣው በሙሉ እንዲህ አሰበ» ብሎ የሚደመድም ጸሐፊ ይህን ስሕተት ይሠራል። ዝርዝር መዝገብ ለሚያስተውል መስታወት ነው፤ ለችኩል ግን ስለት ነው። ስለቱን ፈርቶ መስታወቱን መስበር ግን ብልኅነት አይደለም፤ የሚያነበውን ሰው ማስተማር ይሻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ብሎ ለሚጠይቅ አሳባችን ይህ ነው። የምርጫ ሕጉ፥ ማለት በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1162፥ ቈጠራው በጣቢያው እንዲደረግና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጥ አስቦበታል። ስለዚህ የሚያሻው አዲስ ሥራ መፍጠር ሳይሆን የተሠራውን ማሰባሰብ ነው። በየጣቢያው የተመዘገበው፥ የመረጠው፥ ዋጋ ያጣው ድምፅና እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ያገኘው በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ይጻፍ፤ የተፈረመበትም ወረቀት ሥዕል ከጐኑ ይቀመጥ። ሰንጠረዡ በሥዕል ብቻ ሳይሆን ሊደመርና ሊለይ በሚችል መልክ ይሁን። አንዱ ግልባጭ በምርጫ ቦርድ፥ አንዱ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት፥ አንዱ በዩኒቨርሲቲ ይኑር፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ሁለቱ ይቀራሉና። ቍጥር በኋላ ቢታረም የፊተኛው ሳይፋቅ የታረመበት ቀንና ምክንያት ይጻፍ። የቀድሞዎቹም ምርጫዎች መዝገብ በየአውራጃው ግምጃ ቤት የቀረ ካለ፥ አይጥና ምስጥ ሳይቀድሙን ተለቅሞ ይገልበጥ።

የየወረዳው ጸሐፊ ሆይ፥ ይህ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በአንተ እጅ ነው። በመጋዘንህ ጥግ የተደራረበው ወረቀት ለአንተ የአቧራ ክምር ይመስልህ ይሆናል፤ ነገር ግን የወረዳህ ሕዝብ ቃል ነው። ሳትገለብጠው አታቃጥለው፤ ሳትመዘግበው ለሌላ አትስጠው፤ የምታስረክበውንም በፊርማ አስረክብ።

ካህናት አባቶቻችንም በዚህ ነገር የመከሩን እንደ ሆነ ምክራቸው ይሰማል፤ የመዝገብን ክብር ከእነርሱ የሚበልጥ የሚያውቀው የለምና። የቀደሙት አባቶች የርስቱን ስጦታ በወንጌለ ወርቅ ኅዳግ ሲጽፉ «ለቤተ ክርስቲያኑ ብዙ መሬት ተሰጠ» ብለው አላለፉም። የመሬቱን ስም፥ የሰጪውን ስም፥ የምስክሮቹን ስም ለይተው ጻፉ፤ የሚሽረውንም በግዝት አሰሩ። ከመቶዎች ዓመታት በኋላ የታሪክ ሊቃውንት የአገራችንን ኑሮ ከዚያ ኅዳግ እያነበቡ ይጽፋሉ። አባቶች ድምሩን ብቻ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናነበው ምን በኖረ?

የሕዝብን ድምፅ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ መጠበቅ ሌላ ነው። ተቀብሎ ያልጠበቀ ሰው አደራውን በከፊል በልቷል። መንግሥት ለወርቁና ለጦር መሣሪያው ጠንካራ ግምጃ ቤት እንደሚሠራ ሁሉ፥ ለሕዝቡም ቃል የማይከፋ ቤት ይሥራለት፤ ቍልፉን ግን ለአንድ ሰው አይስጥ፥ በሩን ለሁሉ ይክፈት። ያን ጊዜ ሹሙ የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ያውቃል፤ የተሸነፈውም ሽንፈቱን በዐይኑ አይቶ ይቀበላል፤ የሚመጣውም ትውልድ አባቶቹ ምን ብለው እንደ መረጡ በግምት ሳይሆን በቍጥር ይናገራል።